150 ደቂቃ በሪዮ ዴ ጄኔሮ



የብራዚል እግር ኳስ ሲነሣ ብዙዎቻችን ታሪኩን ከፔሌ እንጀምራለን። ዛሬ የምነግራችሁ ጨዋታ ፔሌ ከመወለዱ 21 ዓመት ቀደም ብሎ የተደረገ ነው። ብራዚል የመጀመሪያውን የአህጉር ዋንጫዋን ያነሣችበት፣ 90 ደቂቃ አልበቃው ብሎ 150 ደቂቃ የፈጀ፣ በአንዲት ጎል ብቻ የተለየ ግጥሚያ ነው። ያቺን ጎል ያገባው ሰው እናቱ ጥቁር ብራዚላዊት፣ አባቱ የጀርመን ተወላጆች ልጅ ነበሩ። አገሪቱ ጎሏን በዚያው ምሽት የራሷ አደረገቻት፤ አግቢውንና እሱን የመሰሉትን ግን የራሴ ለማለት ብዙ ዓመት ፈጀባት። ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው።

ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 29 ቀን 1919፣ በእኛ ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። 1911 ዓ.ም. ሲባል ከወላጅ ከአያት የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ የኅዳር በሽታ የገባው በዚያው ዓመት ነው። አዲስ አበባን ቀባሪ ያሳጣው፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ራሳቸውን አልጋ ላይ ጥሎ የነበረው ወረርሽኝ በዚያው ሰሞን ሪዮ ዴ ጄኔሮን ያምስ ነበር። በሴፕቴምበር 1918 ዴሜራራ የምትባል መርከብ ከአውሮፓ መጥታ የብራዚልን ወደቦች ስትነካ በሽታውን ይዛ ገባች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሱቅ ተዘጋ፣ የሬሳ ሣጥን ጠፋ፣ በሪዮ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠው የነበሩት ፕሬዚዳንት ሮድሪጌስ አልቬስ ታመው፣ ሥልጣን ሳይረከቡ በጃንዋሪ 1919 ዐረፉ። የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና በሪዮ እንዲደረግ የተወሰነው በ1918 ነበር፤ ሬሳ የሚያነሣ ሰው በታጣበት ከተማ ኳስ መጫወት ስለማይታሰብ ወደ 1919 ተገፋ። ስለዚህ በሜይ ወር ሜዳ የገባው ሕዝብ ሐዘን ላይ ሰንብቶ የወጣ ሕዝብ ነው። የደስታውን ልክ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በዚያን ጊዜ እግር ኳስ በብራዚል የማን ነበር? ጨዋታውን ያስገቡት እንግሊዞችና እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ልጆች ናቸው። ቻርልስ ሚለር በ1894 ኳስና የጨዋታ ደንብ ይዞ ሳኦ ፓውሎ ገባ። በሪዮ ደግሞ ኦስካር ኮክስና ጓደኞቹ በ1902 ፍሉሚኔንሴን አቋቋሙ። የክለቡ አባላት የነጋዴና የባለሥልጣን ልጆች፣ ሐኪሞች፣ ጠበቆች ነበሩ፤ እመቤቶች ባርኔጣና ጓንት አድርገው ሰገነት ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ተጫዋች ደመወዝ አይከፈለውም፤ ኳስ የጨዋ ልጅ መዝናኛ እንጂ የሠራተኛ እንጀራ እንዲሆን አልተፈለገም። ደመወዝ የሌለው ጨዋታ ደግሞ ድሃውን በራሱ ጊዜ ያስቀራል፤ ሥራውን ትቶ ልምምድ የሚወጣ ድሃ የለምና። ጥቁሩን ለማስቀረት ግን ኪስ ብቻ አልነበረም ምክንያቱ። ባርነት በብራዚል በሕግ የቀረው በሜይ 13 ቀን 1888 ነው። በ1919 በባርነት የኖሩ ሰዎች በሪዮ መንገዶች ላይ ገና በሕይወት ይሄዱ ነበር።

ለሻምፒዮናው ፍሉሚኔንሴ በላራንዤይራስ ሠፈር፣ ከጉዋናባራ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ 18 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲዮም ሠራ። የተጋበዙት አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ቺሊ ናቸው። አራቱም በ1916 የደቡብ አሜሪካን ኮንፌዴሬሽን ያቋቋሙ አገሮች ናቸው። ኃያሏ ኡራጓይ ነበረች፤ የ1916ንም የ1917ንም ዋንጫ የወሰደች እሷ ናት። ብራዚል ገና ምንም አልያዘችም።

ሜይ 11 ቀን አዲሱ ሜዳ ሲመረቅ ብራዚል ቺሊን 6 ለ 0 አሸነፈች፤ አርቱር ፍሪደንራይሽ ሐትሪክ ሠራ። አርጀንቲናንም 3 ለ 1 ረታች። ኡራጓይም ሁለቱን አሸንፋ ስለመጣች ሜይ 26 ቀን ብራዚልና ኡራጓይ ሲገናኙ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል ማለት ነበር። ኡራጓይ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ሁለት ጎል አገባች። ብራዚልን ከውርደት ያዳናት ኔኮ ነው። ኔኮ የሳኦ ፓውሎ የሠራተኞች ክለብ የኮሪንቲያንስ ልጅ ነበር፤ ሁለቱንም ጎል እሱ መልሶ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ነጥባቸው እኩል አምስት አምስት ሆነ። እንደ ዛሬው በጎል ልዩነት ቢሆን ዋንጫው የብራዚል ነበር፤ 11 አግብታ 3 ብቻ ነው የገባባት። የዚያ ዘመን ደንብ ግን በነጥብ እኩል የሆኑት እንደገና ይጫወቱ የሚል ነው። ፍጻሜው የተወለደው ከዚህ ነው።

ወደ ፍጻሜው ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ሰው መናገር አለብኝ። ብዙ የእግር ኳስ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን ያለ እሱ ይህን ታሪክ መንገር ነውር ይመስለኛል። ሮቤርቶ ቼሪ የኡራጓይ ሁለተኛ በረኛ፣ የሞንቴቪዴዮው የፔኛሮል ክለብ ተጫዋች ነበር። የመጀመሪያው በረኛ ካዬታኖ ሳፖሪቲ ስለነበር ለቼሪ ተራ የደረሰው ሜይ 17 ቀን ከቺሊ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ኳስ ለማዳን ሲል ክፉኛ ተጎዳ። ተጫዋች መቀየር የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ደንብ ውስጥ የለም፤ የተጎዳ ሰው ከወጣ ቡድኑ ጎድሎ ይጫወታል። በሆዱ ውስጥ አንጀቱ ታንቆ ነበር። ሪዮ ሆስፒታል ገብቶ ጓደኞቹ ዋንጫውን ሲጫወቱ እሱ አልጋ ላይ ነበር፤ ፍጻሜው በተደረገ ማግስት፣ ሜይ 30 ቀን ሞተ። ዕድሜው 23 ነበር።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንሂድ። ሜይ 29 ሐሙስ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት፣ ከሪዮ እጅግ ርቃ በሰሜን ብራዚል በምትገኝ ሶብራል በምትባል ከተማ ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሸፈነች። የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መነጽራቸውን ተክለው ከፀሐይ አጠገብ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ አነሡ፤ የአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ እውነት መሆኑን ለዓለም ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ከዚያ ጠዋት ሥራ ነው። የሳይንስ ሰዎች ያቺን ቀን በዚህ ያስታውሷታል። የሪዮ ሰው ግን ዓይኑ የነበረው ወደ ላራንዤይራስ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሥራ እንዲያርፉ ተፈቅዶ ነበር፤ ባንኩም ሱቁም ተዘጋ። 18 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲዮም ከልኩ በላይ ሞላ፤ መግቢያ ያጣው ከስታዲዮሙ ጀርባ ያሉት ኮረብቶች ላይ ወጥቶ ቆመ።

ብራዚል ነጭ ለብሳ ገባች፤ ኡራጓይ ሰማያዊዋን። ዳኛው ባርቤራ የሚባል አርጀንቲናዊ ነበር። በብራዚል ግብ ማርኮስ ካርኔይሮ ዴ ሜንዶንሳ ቆሟል፤ የፍሉሚኔንሴ ጨዋ ልጅ፣ በኋላ የታወቀ የታሪክ ጸሐፊ የሆነ። ከፊቱ ያለው ተከላካይ ፒንዳሮ ሐኪም ነው። ፊት ላይ ደግሞ የሠራተኞቹ ክለብ ኔኮ፣ ጣሊያን ስደተኞች ካቋቋሙት ፓሌስትራ ኢታሊያ የመጣው ሄይቶር፣ በመካከላቸው ፍሪደንራይሽ። ይህን አሰላለፍ በጥሞና ላየው ሰው የብራዚል የወደፊት መልክ ተስሎበታል፤ ከኋላ የቤተ መንግሥት ሠፈር፣ ከፊት የፋብሪካና የወደብ ሠፈር። በኡራጓይ በኩል እነ ኤክቶር ስካሮኔ፣ አንሄል ሮማኖና ኢሳቤሊኖ ግራዲን ነበሩ። ስካሮኔ በኋላ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅና የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው፤ ብራዚል የገጠመችው ምን ዓይነት ቡድን እንደነበር ከዚህ ገምቱ።

90 ደቂቃው ያለ ጎል አለቀ። 30 ደቂቃ ተጨመረ፤ አሁንም ጎል የለም። 120 ደቂቃ የሮጠ ሰው ዛሬ ወደ መለያ ምት ይሄድ ነበር፤ በ1919 መለያ ምት አልታሰበም፣ ተቀያሪም የለም። እነዚያው 22 ሰዎች፣ ቡድኖቻቸው ከሦስት ቀን በፊት የተጋጠሙት፣ ሌላ 30 ደቂቃ እንዲጫወቱ ተወሰነ። ጫማው ከባድ ቆዳ ነው፤ ኳሱም ቆዳ ነው፣ ላብና ጭቃ ሲጠጣ ይከብዳል። የሁለቱ ቡድኖች እግር በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደዛለ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጭማሪ እንደተጀመረ፣ በ122ኛው ደቂቃ፣ ኔኮ በቀኝ መስመር ኳሱን ይዞ ሄዶ አሻማ። ሄይቶር መታው። ሳፖሪቲ አዳነ፤ ግን ኳሱን ጨብጦ ማስቀረት አልቻለም፣ ተፋው። የተተፋው ኳስ መሬት ሳይነካ ፍሪደንራይሽ ደረሰበትና ከመረብ አገናኘው። 1 ለ 0። ከዚያ በኋላ ወደ 28 ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ኡራጓይ ያለ የሌለ ኃይሏን ብትጥልም ማርኮስ ግቡን ሳያስደፍር ፊሽካው ተነፋ። እስከ ዛሬ በደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ይኸው ነው።

ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ኡራጓዮች ፍሪደንራይሽን ነብሩ ብለው ጠሩት፤ ስሙ እስኪሞት አብሮት ኖረ። ጎሏን ያገባበት ጫማ በሪዮ እጅግ በከበረው የገበያ መንገድ፣ በሩዋ ዶ ኡቪዶር፣ በጌጣጌጥ ሱቅ መስኮት ውስጥ ከወርቅና ከአልማዝ ጋር ተሰቅሎ ለሕዝብ ታየ። ታላቁ ሙዚቀኛ ፒሺንጊኛ፣ እሱም ጥቁር፣ ለዚያች ጎል መታሰቢያ አንድ ዜማ ሠራ፤ ስሙን ከውጤቱ ወስዶ አንድ ለዜሮ አለው፣ እስከ ዛሬም ይጫወቱታል።

በጁን 1 ቀን ደግሞ ብራዚልና አርጀንቲና በዚያው ሜዳ አንድ ጨዋታ አደረጉ። የሮቤርቶ ቼሪ ዋንጫ ተባለ፤ ገቢው ለሟቹ ቤተሰብ ነው። አርጀንቲናዎች የኡራጓይን ሰማያዊ፣ ብራዚሎች የቼሪን ክለብ የፔኛሮልን ቢጫና ጥቁር ማሊያ ለብሰው ገቡ። 3 ለ 3 ተለያዩ፤ ዋንጫው ወደ ፔኛሮል ተላከ። እኔ በዚህ ሻምፒዮና ውስጥ ከጎሏ ይልቅ የምወደው ቀን ይህ ነው።

ፍሪደንራይሽ ማን ነበር? በጁላይ 1892 በሳኦ ፓውሎ ተወለደ፤ ባርነት በሕግ ከቀረ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ዓይኑ አረንጓዴ፣ መልኩ ጠይም፣ ፀጉሩ የእናቱ ወገን ነበር። በአባቱ ስም የጀርመኖች ክለብ በሆነው በጄርማኒያ ለመጫወት ቻለ፤ የእናቱ ስም ብቻ ቢኖረው ያ በር አይከፈትም ነበር። ብራዚል በ1914 የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከእንግሊዙ ኤክሴተር ሲቲ ጋር ስታደርግ እሱም ነበረ፤ በዚያ ጨዋታ ሁለት ጥርሱን አጣ። ማሪዮ ፊልዮ የተባለው የሪዮ ጋዜጠኛ በ1947 ባሳተመው ስለ ጥቁሮችና ስለ ብራዚል እግር ኳስ በሚናገረው መጽሐፉ እንደጻፈው፣ ፍሪደንራይሽ ከሁሉ ኋላ ነበር ወደ ሜዳ የሚወጣው። ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ በትኩስ ፎጣ ጠቅልሎ እስኪለሰልስለት ይቆይ ነበር። ቡድኑ ይጠብቀዋል፣ ዳኛው ይጠብቀዋል፣ ሕዝቡ ይጠብቀዋል። አንድ ሕዝብ በትከሻው የሚሸከመው ሰው ፀጉሩን ሳይደብቅ ሜዳ ለመግባት ያልደፈረበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደነበረ አስቡት።

በተቃራኒው ቡድን የነበረውን ግራዲንንም አስቡ። እሱ የባሪያዎች ዘር የሆነ ጥቁር ነው፤ በ200ና በ400 ሜትር ሩጫም የአህጉሩ ሻምፒዮን ነበር። በ1916 በመጀመሪያው ሻምፒዮና ኡራጓይ ቺሊን 4 ለ 0 ስታሸንፍ የቺሊ ሰዎች ኡራጓይ አፍሪካውያን አሰልፋለች ብለው አቤት አሉ። አፍሪካውያን የተባሉት ግራዲንና ጓደኛው ሁዋን ዴልጋዶ ናቸው፤ ሁለቱም የኡራጓይ ተወላጆች። ቺሊ በኋላ ይቅርታ ጠየቀች፣ ግራዲንም የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኖ ጨረሰ። እንግዲህ በ1919 ግራዲን የሮጠው በፍሉሚኔንሴ ሜዳ ላይ ነው። የዚያ ሜዳ ባለቤት የሆነው ክለብ ግን የእሱን መልክ የያዘ ሰው በአባልነት የሚቀበል አልነበረም።

ከጎሏ ሁለት ዓመት በኋላ የሆነውን ስሙ። በ1921 ሻምፒዮናው በቦነስ አይረስ ተደረገ። ጥቁርና ጠይም ተጫዋቾች ወደ ውጭ አገር ተልከው ብራዚልን አይወክሉ የሚል ክርክር ተነሣ፤ ነገሩ እስከ ፕሬዚዳንት ኤፒታሲዮ ፔሶዋ መድረሱን የጊዜው ጋዜጦች ጻፉ። ቡድኑ ያለ ፍሪደንራይሽ ሄደ። በሪዮና በሳኦ ፓውሎ ፌዴሬሽኖች መካከል ጠብ ስለነበር የቱ ምክንያት እንዳመዘነ የታሪክ ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። እኔ የምለው ክርክሩ መነሣቱ ብቻ ይበቃል ነው። ጫማው በወርቅ ሱቅ መስኮት የተሰቀለ ሰው ቆዳው ለአገር ያሳፍራል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ዝም ያላለው ሰው ደግሞ እግር ኳስን ፈጽሞ የማይወድ ሰው መሆኑ ይገርማል፤ ደራሲው ሊማ ባሬቶ። የባሪያዎች የልጅ ልጅ የነበረው ሊማ ባሬቶ እግር ኳስ አገሪቱን ይከፋፍላል ብሎ ሲቃወም ኖሯል፤ ይህ ወሬ ሲወጣም በብዕሩ አጥብቆ ገሠጸው። በዚያ ሻምፒዮና ዋንጫውን የወሰደችው አርጀንቲና ናት።

በሩን በግድ የከፈተው ሌላ ክለብ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ የፖርቱጋል ነጋዴዎች ክለብ ነበር፤ ጥቁሮችን፣ ነጭ የቀን ሠራተኞችን፣ ማንበብ በወጉ ያልተማሩ ልጆችን አሰልፎ በ1923 የሪዮ ሻምፒዮን ሆነ። ትልልቆቹ ክለቦች በቀጣዩ ዓመት የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ቫስኮን 12 ተጫዋቾችህን ካላስወጣህ አትገባም አሉት። የክለቡ ፕሬዚዳንት በኤፕሪል 1924 በጻፉት ደብዳቤ ተጫዋቾቻችንን አንሠዋም ብለው መለሱ፤ ከማኅበሩ መቅረትን መረጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቫስኮ በደጋፊዎቹ ገንዘብ የራሱን ሳኦ ጃኑዋሪዮ ስታዲዮም ሠራ። ተጫዋች በይፋ ደመወዝ መቀበል የጀመረው በ1933 ነው። ያን ጊዜ ፍሪደንራይሽ ከ40 ዓመት አልፎት ነበር። የ1930ው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ እንኳ በሁለቱ ከተሞች ፌዴሬሽኖች ጠብ አምልጦታል። በ1969 ዐረፈ፤ ፔሌ ሺኛ ጎሉን ያገባው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው።

አድማጮቼ፤ ይህ ታሪክ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንም በ1957 ሲመሠረት አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ እኛና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች፤ ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ክቡር ይድነቃቸው ተሰማም ዘር የሚለይ ቡድን አይገባም የሚለውን አቋም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠበቁት። በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የእሱንም የጓደኞቹንም ታሪክ ስንቶቻችን በዝርዝር እንናገራለን?

ስለ ፍሪደንራይሽ ትኩስ ፎጣ ዛሬ የምናውቀው ማሪዮ ፊልዮ ያረጁ ተጫዋቾችን እየዞረ ጠይቆ ስለጻፈ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የ1954 ዓ.ም.ን ጨዋታ በዓይናችሁ ያያችሁ፣ ወይም ያየ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ትኖራላችሁ። እባካችሁ በዚህ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደደረሰበት ጠይቃችሁ ጻፉ።